ከአራት ኪሎ ስትወጪ መመለሻውን አስቢ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በጥቅምት ብስክሌትሽን ይዘሽ ልትመጪ መሆኑን ከሰማን ወዲህ ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል። ከከተማ ወጣ ብለሽ ኮረብታውንና የወንዙን ሸለቆ እያየሽ የምትነጂበትን መንገድ ጠይቀሽኛልና፣ የማውቀውን ሁሉ ልጻፍልሽ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ እዚህ መንገድ የሚመረጠው በመመለሻው ነው። እናንተ ያላችሁበት አገር ሜዳ ስለሆነ መሄዱም መመለሱም አንድ ነው። አራት ኪሎ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ከተማው ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ጠዋት ጉልበቱ ሳይነካ ቁልቁለቱን ይበራል፤ ዳገቱ የሚጠብቀው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐዩ ከርሮ፣ ውሃው አልቆ። ቢሾፍቱን ከሐሳብሽ አውጪ የምልሽም ለዚህ ነው። ከተማዋ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ስትመለሺ ወደ 500 ሜትር ትወጫለሽ። የፍጥነት መንገዱ ብስክሌት አያስገባም፣ አሮጌው መንገድ ደግሞ የከባድ መኪና ነው።

ከዳገቱ ሌላ ነፋሱም አለ። በበጋ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ማለዳ ጸጥ ብሎ ይቆይና ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል፤ ወደ ምዕራብ የሚወስደው፣ የሆለታው፣ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማል። የገፈርሳን ውሃና የመናገሻን ደን ማየት ደስ ይላል። ቢሆንም የቡራዩን ግርግር በነፋስ ላይ ደርቦ መመለስ አድካሚ ነው፤ እሱን ለመጨረሻ አቆዪው።

ስለዚህ በሰንዳፋ ጀምሪ። ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ ውረጂ፤ በአዲሱ የኮሪደር ልማት መንገድ ላይ የብስክሌት መስመር አለ። እግረኛም ስለሚሄድበት ግን ቀስ ብለሽ ንጂ። ከዚያ ኮተቤ፣ ለገጣፎ፣ ለገዳዲ። ለገጣፎን ካለፍሽ በኋላ አገሩ ይከፈታል፤ በጥቅምት የጤፉና የስንዴው ማሳ ግራና ቀኝ ነው። ሰንዳፋ 40 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሆን ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል። ሲሄዱ በጥቂቱ እየወጡ፣ ሲመለሱ እየወረዱ፣ ነፋሱም ከኋላ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጉልበት ከተረፈሽ አለልቱ ድረስ ግፊ፤ ደርሶ መልሱ ከ110 ኪ.ሜ. ብዙ አይርቅም።

ይህ መንገድ አንድ ትልቅ ዳገት የለውም፣ ትናንሽ ጉብታዎች እንጂ። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሰው የሚደክመው እያንዳንዷን ጉብታ በጉልበት ስለሚጨርስ ነው። ቁልቁለቱ ሳያልቅ እግርሽን አንቀሳቅሺ፤ ዳገቱ ሲጀምር፣ ፔዳሉ ገና ሳይከብድ፣ ማርሽ ቀይሪ። ዳገቱ መሃል ላይ ክብደትሽን ጥለሽ ከቀየርሽ ሰንሰለቱ ይዘላል፣ ሲብስም ይበጠሳል። ፊት 34፣ ኋላ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው ማርሽ ይዘሽ ነይ። የውድድሩ ትልልቅ ማርሽ እዚህ ጉልበት ይሰብራል።

የመጀመሪያውን ሳምንት አትቸኩዪ። እዚህ ከፍታ ላይ የምትተነፍሺው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ ዳገት ላይ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል። መናገር እስኪያቅትሽ አትንጂ። ራስ ምታት ካለሽ ያን ቀን ብስክሌቱን ተዪው፤ ውሃ ጠጪና ዕረፊ።

ሁለተኛው የሱሉልታ መንገድ ነው፣ በአዲሱ ገበያ በኩል። እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚወስደው ነው። ገና ከቤት እንደወጣሽ ዳገት ስለሆነ ሰውነትሽ እስኪሞቅ ዝቅ ባለ ማርሽ ሂጂ። ሸንተረሩ ላይ ስትደርሺ አንድ ነገር አስተውዪ፦ ወደ ከተማው የሚወርደው ውሃ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ሙገርን ተከትሎ ዓባይ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ጫንጮ 40 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ነች።

የዚህ መንገድ አደጋው መመለሻው ላይ፣ ከእንጦጦ ወደ ከተማ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ማለዳ ጉም ይኖራል፣ አስፋልቱ ይርሳል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይወድቅበታል፤ መታጠፊያው ላይ ከከባድ መኪና የፈሰሰ ናፍጣ አይጠፋም። ናፍጣ ያረፈበት አስፋልት እንደ ቀስተ ደመና ያብለጨልጫል፤ እዚያ ላይ ፍሬን አትንኪ፣ አትታጠፊም፣ ቀጥ ብለሽ እለፊ። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ እንዳለ ነው። ደግሞም ፍሬን ይዘሽ አትውረጂ፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ እንደገና ያዢ። ያለማቋረጥ ከተያዘ ቸርኬው ይግልና የውስጥ ጎማው ይፈነዳል። ዲስክ ከሆነም ሸራው ይቃጠላል፣ መያዙም ይደክማል። ሲኖትራክ ከኋላሽ ከመጣ አትሽቀዳደሚው፤ ጠርዝ ይዘሽ አሳልፊው።

የወንዝ ሸለቆ ካልሽ መልካ ቁንጡሬ ነው። በዓለም ገና ወደ ቡታጅራ ትገነጠያለሽ፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪ.ሜ. ገደማ ሄዶ መንገዱ አዋሽን ይሻገራል። በወንዙ ዳር የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ሥፍራ ሙዚየም አለው፤ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ብስክሌትሽን አስቀምጠሽ ግቢ፣ ግን ከአንድ ሰዓት አትለፊ። ወንዙ ከከተማው ብዙ ዝቅ ስለሚል መመለሻው በጠቅላላ ዳገት ነው፤ ሲሄድ ሁለት ሰዓት የፈጀ ሲመለስ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሥተሽ 4 ሰዓት ላይ ፊትሽን ወደ ቤት ካላዞርሽ፣ ዓለም ገና የምትደርሺው በሙቀቱና በመኪናው ሰዓት ነው።

የዓባይ በረሃ ለብቻው የሚታሰብ ነው። ቁልቁለቱ የሚጀምርባት ጎሐ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪ.ሜ. ስለምትርቅ በመኪና ሄደሽ፣ አድረሽ፣ ሲነጋ መጀመር አለብሽ። እስከ ድልድዩ 20 ኪ.ሜ. ያህል ትወርጃለሽ፤ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ማለት ነው። ከላይ ብርድ፣ ከታች ቆላ። አስፋልቱ በከባድ መኪና ተጎትቶ ቦይ ቦይ ሆኗል፤ ቀጭን ጎማ ቦዩ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ ይጥላል። በጃፓን ዕርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ጋ ስትደርሺ ገና ግማሹ ነው፤ የወረድሽውን ያህል መውጣት አለብሽ፣ ያውም ሙቀቱ ሳይበረታ። መኪና ከኋላ ሳይከተል አትሞክሪው።

የትኛውም መንገድ ቢሆን በዋዜማው የዚያን አቅጣጫ ሹፌሮች ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቂ። «ይቅርብሽ» ካሉሽ ይቅርብሽ፤ ይህን በጣም አደራ እልሻለሁ። ብቻሽንም አትውጪ።

ከተሞች መግቢያ ላይ ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፤ ፀሐይ ፊት ለፊትሽ ከሆነች አታይውም። የገበያ ቀን ጭድ የጫነች አህያ ከኋላዋ ድምፅ ስትሰማ ወደ መሃል ትገባለች፤ ከሩቁ ድምፅ አሰሚና ባለቤቱ እስኪይዛት ቀንሺ። ጭነቱ ከራሷ ከአህያዋ በእጥፍ ይሰፋል። ውሻ ከተከተለሽ ወርደሽ ብስክሌቱን በመካከል አድርጊ፤ አብዛኛው ሩጫው ሲቆም ይተዋል። ልጆች ሲከቡሽ ቀድመሽ «አካም ጅርቱ» በያቸው፤ ሰላም የተባለ ልጅ ድንጋይ አያነሣም።

ጎማሽ 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ይሁን። 28 ከሆነ ላንቺ ክብደት ከ4.5 እስከ 5 ባር ይበቃል፤ ከዚያ ካጠነከርሽው በሻካራው አስፋልት ላይ ይዘላል። ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ ግን የሚነፋው በመኪና ቫልቭ ነው። ያንቺ ቀጭኑ ቫልቭ ስለሆነ መቀየሪያዋን የነሐስ አፍ ይዘሽ ነይ። ኮምፕረሰሩ ትንሿን ጎማ በቅጽበት ስለሚያፈነዳ «ትንሽ ትንሽ» በዪው። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ማጣበቂያ፣ የእጅ ፓምፕና የሰንሰለት መያዣ አገናኝ አምጪ፤ የጋዝ ጠርሙሷን አውሮፕላን ላይ ሊከለክሉሽ ይችላሉና ተዪያት።

ምግቡን ለእናትሽ ተዪው። በሶውን በስኳርና በቁንጥጫ ጨው በጥብጠሽ በአንዱ ኮዳ፣ ንጹሕ ውሃ በሌላው ያዢ። በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ጠጪ፤ በየሰዓቱ ሁለት ሙዝ ወይም የዚያን ያህል ዳቦ ብዪ፣ ሳይርብሽ። ጭኮ ከጉዞ በኋላ እንጂ ዳገት ላይ አይበላም፤ ቅቤው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል።

አሁን የብስክሌትሽን የፊትና የኋላ ጥርስ ቁጥር ቆጥረሽ ላኪልኝ። የኋላው ከ32 በታች ከሆነ ሳትመጪ እዚያው አስቀይሪው፤ እዚህ የሚገጥመውን ማግኘት ጊዜ ይፈጃል።

አባትሽ