በጊዜው ስላልተላከው የ2021 የታክስ ማስተካከያዬ የቀረበ ቅሬታ

ኤፕሪል 28 ቀን 2025
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ

ለታክስ አገልግሎት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በኖተሪ (የፊርማ ማረጋገጥ) ክፍያዬ ላይ ያለአግባብ የተከፈለውን ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ (በግል ሥራ ገቢ ላይ የሚከፈለውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ) ለማስመለስ የተዘጋጀው ፎርም በድርጅታችሁ ቸልተኝነት ጊዜው ስላለፈበት

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ እላለሁ። ደንበኝነታችን ስድስት ዓመት ያለፈው በመሆኑ ነገሩ በመነጋገር ያልቃል ብዬ እስካሁን ታግሻለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ቢሮአችሁ ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ግን በዝምታ የሚታለፍ ሆኖ ስላላገኘሁት ቅሬታዬን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ኤፕሪል 22 ቀን የመጣሁት ማስተካከያው የተላከበትን የሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በማስረጃ የሚያዝ ፖስታ) ቁጥር ለመቀበል ብቻ ነበር። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ ስትፈልግ፣ ከጀርባዋ ካለው የወረቀት ማስቀመጫ ላይ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር የእኔን ቡናማ ፖስታ አየሁት። "ከ18 በፊት" ብዬ በእጄ የጻፍኩበት ቢጫ ወረቀት እንደተለጠፈበት ነው። ቴምብርም ማኅተምም የለበትም። "ይህ የእኔ አይደለም ወይ?" ብዬ ስጠይቅ ልጅቷ አንሥታ ገልበጥ አደረገችውና "ውይ፣ አልተላከም እንዴ?" አለች። ድምፃችንን ሰምተው ከውስጥ የወጡት ባልደረባዎ ደግሞ ይቅርታ እንኳን ሳይሉ "እህቴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የቆየ ነገር አራት ቀን ቢዘገይ ምን ይመጣል?" አሉኝ።

ምን እንደሚመጣ ለታክስ ባለሙያ ማስረዳት የእኔ ድርሻ ሊሆን ባልተገባ ነበር። የ2021 ፎርሜ የገባውም ታክሱም የተከፈለው በመጨረሻው ቀን፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2022 ነው፤ ገንዘብ ለማስመለስ የተሰጠው ሦስት ዓመትም ኤፕሪል 18 ቀን 2025 ላይ ያበቃል። የፖስታ ቤቱ ማኅተም በዚያ ቀን ወይም ከዚያ በፊት ቢያርፍበት ኖሮ ይበቃ ነበር። ፖስታውን ከእጃቸው ተቀብዬ በዚያው ሰዓት ራሴ ወስጄ ልኬዋለሁ፤ ማኅተሙ ግን ኤፕሪል 22 ይላል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ፖስታው የቀረው ሳልጠይቅ ወይም ሳላስታውስ ቀርቼ አለመሆኑ ነው። ማርች 14 ቀን እርስዎ ራስዎ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው "እስከ ወሩ መጨረሻ ይገባል፤ በእኔ ይሁንብዎት" ብለውኝ ነበር። ወሩ አልቆ ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ኤፕሪል 8 ቀን ተጠርቼ ፈረምኩ። በዚያን ዕለት ፖስታ ቤቱ መንገዴ ላይ ስለሆነ ይዤው ልሂድና እኔው ልላከው ብዬ ብለምን ባልደረባዎ ከእጄ ተቀብለው "ይህ የእኛ ኃላፊነት ነው፣ ነገ ጠዋት ይሄዳል" አሉ። በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ኤፕሪል 17፣ ልቤ አላርፍ ብሎኝ ስደውል የተሰጠኝ መልስ "ተልኳል፣ ሐሳብዎን ይጣሉ፣ መልካም በዓል ይሁንልዎ" የሚል ነበር። የመጨረሻው ቀን ስቅለት ላይ መዋሉን አውቅ ስለነበር ነው አስቀድሜ የደወልኩት። እውነቱ ተነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ከስግደት በፊት ፖስታ ቤት ደርሼ እመለስ ነበር። ያልተላከን ነገር ተልኳል ብሎ መንገር ከመዘንጋት የሚለይ ጥፋት መሆኑን እንዲያጤኑልኝ እጠይቃለሁ።

ስሕተቱም ከመነሻው የእኔ አልነበረም። ኖተሪ ለኖተሪነት ሥራው የሚቀበለው ክፍያ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢ ፎርም) ላይ ተመዝግቦ የገቢ ታክስ ይከፈልበታል እንጂ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ አይከፈልበትም። የፌዴራል የታክስ ሕግ አንቀጽ 1402 የመንግሥት ኃላፊነት ሥራን ከዚህ ታክስ ውጭ ያደረገ ሲሆን፣ ደንቡም ከፕሬዚዳንቱና ከዳኞች ጀምሮ ዘርዝሮ ኖተሪን በስም ጠቅሷል። የስኬጁል ኤስኢ (ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ የሚሰላበት ፎርም) መመሪያ ደግሞ ከመስመር 3 አጠገብ "ኤግዜምፕት ኖተሪ" (ከታክሱ ነፃ፣ ኖተሪ) ተብሎ መጠኑ ይጻፍ ይላል። ለዓመታት በፎርሜ ላይ ይህ ቃል አንድም ጊዜ አልተጻፈም። የጉዞና የወረቀት ማተሚያ ክፍያዬ ታክሱ እንደሚመለከተው አውቃለሁ፣ አልተከራከርኩበትምም። የጠየቅኩት ሁለቱ እንዲለዩ ብቻ ነበር። ስጠይቅም "1099 (ከፋዮች የሚልኩት የገቢ ማሳወቂያ) ላይ የመጣው አንድ ቁጥር ነው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ያሰላዋል" ተባልኩ። ቆይቶም ባልደረባዎ "ታክሱን ካልከፈሉ የጡረታዎ ሶሻል ሴኩሪቲ ይቀንሳል፣ ለእርስዎ ብለን ነው" አሉ። ከሶሻል ሴኩሪቲ በኩል የሚጎድል እንዳለ አይጠፋኝም፤ ነገር ግን ሕጉ የማይጠይቀኝን ታክስ ሳያማክሩኝ አስከፍሎ ለጥቅምሽ ነው ማለት ተገቢ አይደለም።

ለመለየቱ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጄ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖተሪ እያንዳንዱን ሥራና የተቀበለውን ክፍያ መዝገቡ ላይ ማስፈር ግዴታው ነው። ባልና ሚስት የቤት ብድር ሲፈርሙ ኖተሪ የሚያስፈልጋቸው ሦስት ሰነዶች ካሉ ስድስት ፊርማ ይሆናል፤ በፊርማ 15 ዶላር ሲታሰብ 90 ዶላር የኖተሪ ክፍያ ነው፣ ከዚያ በላይ የተከፈለኝ የጉዞና የማተሚያ ነው። ባልደረባዎ መዝገቡን ትቼላቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። መዝገቡ በእኔ ብቻ ተጠብቆ መቆለፍ እንዳለበት፣ ቤት የሸጡና ወደ አገር ቤት ውክልና የላኩ ሰዎች የአውራ ጣት አሻራ እንዳለበት ባስረዳቸው "ካላመኑን ለምን መጡ?" አሉኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ የሰው ስም ሳይገባበት ቀኑን፣ የሥራውን ዓይነትና ክፍያውን በእጄ ገልብጬ፣ ለ2021 ብቻ 41 ገጽ ሞልቶ አመጣሁላችሁ። ልጆቼ ከተኙ በኋላ አሥራ አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። 2021 ወለድ ዝቅ ብሎ ሰው ሁሉ የቤት ብድሩን ያሳደሰበት፣ እኔም ቅዳሜና እሑድ ሳልል የሠራሁበት ዓመት ነው። መዝገቤ ላይ 1,284 ፊርማ፣ ማለትም 19,260 ዶላር የኖተሪ ክፍያ አለ። የወጪው ድርሻ ሲቀነስ 15,400 ዶላር ይቀራል። ከዚህ 92.35 በመቶው ላይ 15.3 በመቶ ሲታሰብ ያለአግባብ የከፈልኩት 2,176 ዶላር ነው። ማስተካከያው የገቢ ታክሱን ጥቂት ከፍ ስለሚያደርገው ሊመለስልኝ የሚገባው በእናንተው ስሌት 2,045 ዶላር ሆኗል። ከሁሉም ዓመታት ብዙው ገንዘብ ያለበትም ይኸው ያመለጠው ዓመት ነው።

ከጀመርኩ አይቀር፣ የአገልግሎት ክፍያችሁ ዘንድሮ ከ180 ወደ 260 ዶላር ሲያድግ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ካርዴ ከተሳበ በኋላ ነው ያወቅኩት። በቀጠሮ መጥቼ ሁለት ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጫለሁ። የባንክ ወረቀቶቼም ለቅጂ ተወስደው እስካሁን አልተመለሱልኝም። እነዚህን በይሉኝታ ትቼአቸው ነበር።

አሁን የምጠይቀው ያመለጠኝን 2,045 ዶላርና ለማስተካከያው ያስከፈላችሁኝን 260 ዶላር ድርጅቱ በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፍለኝ፣ እንዲሁም የ2022 እና የ2023 ፋይሎቼን ከባንክ ወረቀቶቼ ጋር በሙሉ እንዲመልስልኝ ነው። የእነዚያ ዓመታት ጊዜ ገና ስላላለፈ ሌላ ባለሙያ ዘንድ አሠራቸዋለሁ፤ በእናንተ እንዲላኩ አልፈልግም። በተጨማሪም በቢሮአችሁ የሚያሠሩ ሌሎች ኖተሪዎች እንዳሉ ስለማውቅ፣ የእነርሱ ፎርም ላይም ተመሳሳይ ስሕተት መኖር አለመኖሩን መርምራችሁ ጊዜው ሳያልፍባቸው እንድታሳውቋቸው እጠይቃለሁ። ከእነርሱ አንዷ የሁለት ልጆች እናት ስትሆን፣ ወደ እናንተ የላክኋት እኔ በመሆኔ ኃፍረቱ የእኔም ነው።

በተባለው ጊዜ መልስ ካላገኘሁ በታክስ አዘጋጆች ላይ አቤቱታ በሚቀርብበት ፎርም 14157 ለአይአርኤስ፣ እንዲሁም አዘጋጆችን ለሚመዘግበው የካሊፎርኒያ የታክስ ትምህርት ምክር ቤት አመለክታለሁ። በስቴቱ ሕግ የተመዘገበ አዘጋጅ ሊይዘው ከሚገባው የ5,000 ዶላር ዋስትና ላይም ጥያቄ አቀርባለሁ፤ ካስፈለገም ስሞል ክሌምስ (የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር) ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። እዚህ እንዳንደርስ ምኞቴ ነው፤ መልሱን ግን በስልክ አልቀበልም፣ በጽሑፍ ይሁንልኝ።

የኤፕሪል 22ቱን የፖስታ ቤት ደረሰኝ፣ የ41 ገጹን ዝርዝር የመጀመሪያ ገጽ እና በኤፕሪል 17 የደወልኩበትን የስልክ መዝገብ ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ፣ ኖተሪ ፐብሊክ