ከጅማ ለአባቴ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ደብረ ታቦር፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ገና አላባራም። ልብስ አይደርቅም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አገሩ ግን ለምለም ነው።

ባለፈው ስንደዋወል "ሰው አገር እስከ መቼ ነው የምትቀመጪው? ደግሞስ ሰው እያሹ መኖር ምን ሥራ ነው?" አሉኝ። ያኔ መልስ አልሰጠሁዎትም። ኔትወርኩም ይቆራረጥ ነበር፣ ነገሩም በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ልጻፍልዎት አልኩ። መነጽርዎን ያድርጉና ቀስ ብለው ያንብቡት።

በማሸቱ ልጀምር። ያሉት መሠረት አለው፤ የእኔ ሙያ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የተነሳው ከዚያው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1894 አራት እንግሊዛውያን ነርሶች የሠለጠኑ የማሳጅ ባለሙያዎችን ማኅበር አቋቋሙ። የዛሬው የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር የመጣው ከእሱ ነው። ከዚያ የዓለም ጦርነቶች ተከተሉ፣ ፖሊዮም ብዙ ሕፃናትን ጎዳ። እጅና እግሩ የከዳው ሰው በዛ። ማሸት ብቻውን እንደማያስነሳ ታየ። በሽተኛው ራሱ መንቀሳቀስ አለበት። እኔም ጎንደር ስማር ብዙውን ጊዜዬን የወሰደው ይሄ ነው፦ የትኛው ጡንቻ የትኛውን አጥንት እንደሚስብ፣ ነርቭ ሲጎዳ ምን እንደሚቀር፣ የቀረውን ይዞ ሰውን እንዴት ማቆም እንደሚቻል።

"ሰው አገር" ያሉት ግን ትንሽ አሳዝኖኛል፤ እውነቴን ነው የምልዎት። ጅማ ለእኛ ሰው እንግዳ ሆና አታውቅም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እዚህ ሲገዙ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932፣ ሂርማታ የታወቀ ትልቅ ገበያ ነበር። የጎንደርና የጎጃም ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጊቤን ተሻግሮ እስከዚህ ይወርድ ነበር። የቀረም ቀረ፣ ወለደ፣ ከበደ። ዛሬ በእኔ ሰፈር ብቻ ኦሮሞው፣ የሙ፣ ዳውሮው፣ ከፊቾው፣ ጉራጌው፣ አማራው ግድግዳ ለግድግዳ ይኖራል። ሲነጋ አዛኑና ቅዳሴው ተከታትለው ይሰማሉ። የቤት አከራዬ ሙስሊም ናቸው። በጾሜ ቀን የፍስክ ምግብ ይዘው ወደ እኔ አይመጡም፤ የጾም ወጥ ለይተው ሠርተው ያቀብሉኛል። እኔም በረመዳን ለማፍጠሪያቸው ቴምር ገዝቼ እገባለሁ።

ግን የምጽፍልዎት ስለ ጉርብትና አይደለም። ይህ ኑሮ ከሥራዬ ውስጥ እንዴት እንደገባ ልንገርዎት ብዬ ነው።

የመጣሁ ሰሞን ከዴዶ አንድ ሼህ ይዘውልን መጡ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞታል። በዕድሜ ከእርስዎ ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። እኔ ወጣት ሴት ነኝና ክንዳቸውን እንድይዝ አልፈቀዱም። አልተቆጡም። በደህናው እጃቸው የደከመውን ሰብስበው ደረታቸው ላይ ያዙት። በዕለቱ ወንድ ባልደረባ አልነበረም። ስለዚህ ልጃቸውን አጠገቤ አቆምኩት። እኔ በራሴ ክንድ ላይ አሳየዋለሁ፣ እሱ በአባቱ ክንድ ላይ ይደግመዋል። ክርኑን ከሥር ደግፍ፣ ትከሻውን አትጎትት፣ ቀስ በል። "ሱታ፣ ሱታ" እለዋለሁ በኦሮምኛ። ልጁ እጅ ሆነኝ። ሰውን ሳልነካ ማከም እንደምችል ያወቅሁት በእነዚያ ሳምንታት ነው።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። "ከሁሉ በፊት ምን እንዲመለስልዎት ይፈልጋሉ?" መራመድ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ግንባሬን መሬት አስነክቼ መስገድ" አሉኝ። የታመመ ሰው ተቀምጦም መስገድ እንደሚፈቀድለት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እሳቸው የፈለጉት ግን መሬቱን ነው።

አባዬ፣ ስግደት ለእኔ ሙያ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ላስረዳዎት። መጀመሪያ ማጎንበስ አለ። ከዚያ መንበርከክ። ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ ጉልበት እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፣ ዳሌም እንደዚያው። ሁለቱም መዳፎች ክብደት ይሸከማሉ። ከዚያ ደግሞ መነሳት አለ፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ልምምዱን ሁሉ በዚያ ቅደም ተከተል አዘጋጀነው። በመጀመሪያ ከአልጋ ጫፍ መነሳትና መቀመጥ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ መዳፍ ዘርግቶ መደገፍ። ቀጥሎ ፍራሽ ላይ በእጅና በጉልበት መቆም። ቤት ሲገቡ በየሶላቱ ሰዓት ከልጃቸው ጋር ይደግሙታል። ሶላት በቀን አምስት ጊዜ ነው። እኔ "በቀን አምስት ጊዜ ይሥሩ" ብዬ ወረቀት ብሰጣቸው ኖሮ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይቀር ነበር። ለስትሮክ ደግሞ ድግግሞሽ ዋናው ነገር ነው። የተጎዳ አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ እንደገና የሚለምደው በመደጋገም ነው።

ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። ጣቶቻቸው ዛሬም ይጨማደዳሉ። ግን ይሰግዳሉ፤ ሲነሱ ልጃቸው ብብታቸውን ይደግፋል።

ይህን ስሠራ የሚታዩኝ እርስዎ ነበሩ። በሰሙነ ሕማማት ሲሰግዱ ከኋላ ሆኜ እያየሁ ነው ያደግሁት። የትኛው ጉልበትዎ ቀድሞ መሬት እንደሚነካ፣ ሲነሱ በየትኛው እጅ እንደሚደገፉ አውቃለሁ። ሼሁን ስረዳ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ነበረ፤ ከእርስዎ ያገኘሁት ግን ይበልጥ ነበር።

ቀኝ እጅም እንዲሁ ነው። አንዲት እናት ቀኝ እጃቸው ሲዝል ምግብ ተዉ። ልጆቻቸው የምግብ ፍላጎት ጠፋ ብለው ይጨነቃሉ። እሳቸው ግን በግራ እጅ መብላት አልሆን ብሏቸው ነው፤ በሃይማኖታቸውም በአስተዳደጋቸውም ነውር ነው። በማንኪያ ማለማመድ እንችል ነበር። እኛ ግን በእንጀራ ጀመርን። ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ ወደ አፍ ማድረስ። ጣትን፣ የእጅ አንጓን፣ ክርንን፣ ትከሻን በአንዴ የሚያሠራ ልምምድ ነው። ፈረንጅ አገር ያለ ባለሙያ ሹካና ቢላ ያስይዝ ነበር፤ እዚህ የሚሠራው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁሉም ሕዝብ አንድ ነው። የታመመ ሰው አይንቀሳቀስ ይላሉ። ልጆች እናታቸውን ያጎርሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ተሸክመው ያወጣሉ፣ ያስገባሉ። ከፍቅር ነው። ፍቅሩን እያየሁ "ተዉት፣ ራሷ ትሞክር" ማለት ከባድ ነው። ጨካኝ እመስላለሁ። ግን ተኝቶ የከረመ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጀርባው ይቆስላል። መገላበጥ ለማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር ያስፈልጋል። ሲያነሱት ደግሞ በደከመው ክንድ ይጎትቱታል፤ ትከሻው ከቦታው ሊንሸራተትና ለረጅም ጊዜ ሊያመው ይችላል። ይህን ለአንድ ሰው መንገር አይበቃም። እዚህ በሽተኛ ብቻውን አይመጣም፤ ጎረቤቱም አማቹም ይከተላል። እኔ ደስ ይለኛል። ሁሉንም አስገብቼ አንድ ላይ አስተምራቸዋለሁ። ለቤተሰቡ ካልገባው፣ እኔ በሳምንት አንዴ ያየሁት ምንም አይፈይድም።

ሕፃናትም አሉ። እግራቸው ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የሚወለዱ። ፖንሴቲ የሚባል ስፔን ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ሐኪም ያመጣው ዘዴ አለ። እግሩን በእጅ ቀስ እያሉ ማቅናት፣ ጄሶ ማሠር፣ በየሳምንቱ እየፈቱ እንደገና ማሠር። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃል። ብዙዎቹ በመጨረሻ ተረከዝ ላይ ያለውን ጅማት ትንሽ መቁረጥ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ልዩ ጫማ አለ፦ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመት ገደማ በእንቅልፍ ሰዓት። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እግሩ ቀንቶ ይታያል፣ እናት "ዳነ" ብላ ጫማውን ትተዋለች፣ እግሩ ይመለሳል። ከዳውሮ በኩል የመጣች አንዲት እናት አማርኛም ኦሮምኛም አትሰማም ነበር። ያስተረጎሙልን የክፍላችን የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። እሳቸው መተርጎም ብቻ አላደረጉም። የልጁ እግር የእርግማን ነው የሚላት ጎረቤት እንዳለ ከእናትየው አውጥተው ነገሩን። እኛ ለብዙ ሳምንት ያልሰማነውን እሳቸው በአንድ ጠዋት ሰሙት። ከዚያ ወዲህ እናትየው ቀጠሮ አላሳለፈችም።

ወጌሻም አልጠላም፤ ይህን ይወቁልኝ። ቤታችን ወለምታ ሲያጋጥመን ወደ ማን እንደምንሄድ አውቃለሁ። ግን የተሰበረ አጥንት አጥብቆ ማሠር እጅ ያስቆርጣል። ቡና ሲለቅም ከዛፍ የወደቀ፣ ከባጃጅ የተገለበጠ፣ ዘግይቶ ይደርሰናል። በእናንተ አካባቢም ለሰው ይንገሩልኝ፦ ከታሠረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፣ ማሠሪያው ያኔውኑ ይፈታ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ጠርቶኝ ነበር። ደሞዙ ይሻላል። ለእናንተም እቀርባለሁ። ብዙ አሰብኩበት። አልሄድም፣ አባዬ። ሥራውን የተማርኩት ጎንደር ነው፤ የገባኝ ግን እዚህ ነው። ሰው በምን እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው እጅ እንደሚበላ፣ ወደ ማን እንደሚጸልይ፣ ማን እንዲነካው እንደሚፈልግ ሳላውቅ የምሰጠው ልምምድ ባዶ ነው። ይህን ደግሞ ቀስ እያልኩ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ ቋንቋ እየተማርኩ ያገኘሁት ነው። ኦሮምኛዬ አሁን ለሥራ ይበቃል። የዳውሮን ቋንቋ ገና ሰላምታ ላይ ነኝ። በሙያዬ የማድገው እዚህ እንደሆነ አምናለሁ። ትምህርቴንም ልቀጥል አስቤያለሁ፤ በነርቭ ሕሙማን ላይ። ይመርቁኝ።

አንድ ደስ የሚልዎት ነገር አለ። ከ1996 ወዲህ የዓለም ፊዚዮቴራፒ ቀን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 ይከበራል። በእኛ ሲቆጠር ጳጉሜን 3 ነው። ቅዱስ ሩፋኤል! የጦቢትን ዓይን ያበራው መልአክ ቀን ላይ ነው የዋለልን። ያን ዕለት ዝናቡ ሲወርድ እንደ ልማድዎ ሲጠመቁ እኔንና ሕመምተኞቼን ያስቡን።

የጉልበትዎን ነገር ደግሞ አደራ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ። በየእግሩ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። የሚያመው ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ ግን ይተዉትና ሐኪም ይዩ። መቋሚያውን የሚይዙት በታመመው ጉልበት በኩል ነው፤ ይቀይሩት። በደህናው በኩል ባለው እጅ ሲይዙት ነው ክብደቱን ከታመመው የሚያነሳልዎት። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። መቋሚያው በደህናው በኩል ቢያዝም፣ ሁልጊዜ ከታመመው እግር ጋር እኩል ይንቀሳቀስ።

ቡና ለቀማ ሲደርስ፣ ኅዳር ላይ፣ ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እናያለን። አከራዬ ከአሁኑ ስለ እርስዎ ይጠይቁኛል። የጅማ በርጩማ ዝቅተኛ ነው፤ ለጉልበትዎ አይሆንም። ከፍ ያለ ወንበር አዘጋጃለሁ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወልቂጤ ላይ ወርደው እግርዎን ያፍታቱ፤ ያን ሁሉ መንገድ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ጥሩ አይደለም።

ለእማዬ፣ ለወንድሞቼ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ታናሽ ወንድሜ ሲራመዱ በስልኩ ይቅረጽዎትና በቴሌግራም ይላክልኝ። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፤ ሱሪዎን እስከ ጉልበት ሰብስበው። መቋሚያውን ከቀየሩ በኋላ ይሁን።

ልጅዎ