ማድፈጫህን ቀድመህ ትከል

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮ እስከ ኅዳር ሚካኤል ከአዲስ አበባ ስለማልመለስ፣ በጥቅምት መጨረሻ ሚኒሶታ ላይ የአጋዘን አደን የጠመንጃው ወቅት ሲከፈት ተሸሽገን የምናደፍጥበትን ድንኳን የምትተክለው ብቻህን ነው። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ በጽሑፍ ይሁን አልሁ።

ድንኳኑን በመክፈቻው ዋዜማ አትትከለው። አጋዘን በየዕለቱ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ትናንት ያልነበረ ጥቁር ነገር ሲያይ ይሸሻል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ የቆመውን ግን እንደ ቁጥቋጦ ይለምደዋል። ከዚያው ከአካባቢው ቅርንጫፍና ረጅም ሣር ቆርጠህ ጎንና ጎኑን አልብሰው፤ በተለይ የጣሪያውን ቀጥ ያለ ጠርዝ ደብቀው፣ በዱር ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር የለምና። ወለሉን ጠርገህ አፈሩ እስኪታይ ድረስ ደረቁን ቅጠል አውጣ፤ በብርድ ጠዋት አንድ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን ድምፅ አንተም ታውቀዋለህ።

ዋናው ግን ነፋሱ ነው። እኔ በልጅነቴ ማሽላ ስጠብቅ ማማ ላይ ሆኜ ዝንጀሮው እንዲያየኝ እጮህ ነበርና፣ መሸሸግ ማለት አለመታየት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው የአደን ዓመቴ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ተቀመጥሁ። አንዲት ሴት አጋዘን ከአርባ እርምጃ ላይ ቆመች፣ አፍንጫዋን ቀና አደረገች፣ የፊት እግሯን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታች፣ ከዚያ በኃይል ተንፍሳ ነጩን ጅራቷን አቁማ ሄደች። አላየችኝም፤ ሸተትኋት እንጂ። ስለዚህ ነፋሱ እንደ ልማዱ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍስ ከሆነ፣ ድንኳኑ ከመንገዱ በስተ ደቡብ ምስራቅ ይቁም፣ መስኮቱም ወደ ሰሜን ምዕራብ ይከፈት። በዚህ አቀማመጥ የማለዳዋ ፀሐይም ከጀርባህ ትሆናለች። የኋላውን መስኮት ግን ዝጋው፤ ብርሃን ከኋላህ ከገባ ጥላህ በፊተኛው መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ብርቱካናማውን ሰደርያና ኮፍያ ድንኳን ውስጥም አታውልቅ፤ ሕግ ነው። አጋዘን ያን ቀለም አጥርቶ አይለየውም፣ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያል፤ ጂንስህን ቤት ተወው። ከአራቱም አቅጣጫ የሚታይ ብርቱካናማ ጨርቅ በድንኳኑ ጣሪያ ላይ እሰር። ሕጉ ይህን የሚያዘው በሕዝብ መሬት ላይ ቢሆንም፣ በጓደኛዬ መሬትም ቢሆን እንድታደርገው እፈልጋለሁ፤ ከአጥሩ ማዶ ሌላ ጠመንጃ የያዘ ሰው አለና።

ከቀናህ ሥጋውን ቶሎ አቀዝቅዘው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ እኔ እስከ ገና አልነካውም፤ ድርሻዬን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥልኝ። ካስማዎቹ ጋራዥ ውስጥ በአረንጓዴው ከረጢት ናቸው፤ አንዱ ጠማማ ስለሆነ ሳትሄድ በመዶሻ አቅናው።

አባትህ