ሳሎን የሚቀመጥ ኮምፒውተር መጮህ የለበትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ እጅ ሲገባ ጅማ ላይ ኮምፒውተር ፈላጊ ይበዛል። የሚፈለገውም ዕቃ ያው ነው፤ ልጆች የሚያጠኑበት፣ ወላጅ ሒሳቡን የሚይዝበት፣ ማታ ፊልም የሚታይበት፣ ሳሎን ጥግ የሚቀመጥ ዴስክቶፕ። በሽያጭ ማስታወቂያ የሚወጣው ግን «ኮር አይ7፣ 1 ቴራ፣ 500 ዋት» ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱም ማሽኑ ይጮህ አይጮህ እንደሆነ አይናገርም፤ ፍጥነቱንም ቢሆን በቅጡ አይናገርም። እኛ ኮምፒውተር ገጣጥመንና ጠግነን የምናድር ሰዎች ነንና ጸጥ ያለ ማሽን ኪስ ሳያራቁት እንዴት እንደሚገኝ ለአንባቢ እንንገር ብለን ጻፍን።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የኮምፒውተር ድምፅ ማንም አይሰማም። ዝናቡ ሲያባራ ነው፣ አንዱ ሲያጠና ሌላው ሲተኛ፣ ከጥግ የምታፏጨው ሣጥን የምትታወቀው። ፉጨቱ በአብዛኛው የፋን ነው፤ ፋን ደግሞ የሚሮጠው ሙቀት ሲበዛበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀት የማያበዛ ዕቃ፣ ቀጥሎ ሰፋ ያለና ቀስ ብሎ የሚዞር ፋን መምረጥ ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ፋን በደቂቃ 800 ዙር ብቻ ዞሮ የሚገፋውን አየር 8 ሴንቲ ሜትሩ ለመግፋት ከ2,500 ዙር በላይ መዞር አለበት። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ጅማ ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ወለል ከፍታ ካለው ከስድስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር የሚወስደው ሙቀትም ያነሰ ነው። ደግነቱ ሐሩር አያስቸግረንም።

ለዚህ ሥራ፣ ለምስል ብቻ ተብሎ የሚሰካውን የግራፊክስ ካርድ አይግዙ። ዋጋው አልበቃ ብሎ የራሱን ፋኖች ይዞ ነው የሚመጣው። ምስል የሚያወጣው ክፍል እዚያው ውስጡ ያለ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል፣ ይምረጡ። አዲስ ዕቃ ለሚገጣጥም ሰው ከሚሆኑት መካከል የኢንቴል ኮር አይ3-12100 (4 ኮር ማለትም ማስሊያ ክፍል፣ 60 ዋት) እና የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ (6 ኮር፣ 65 ዋት) ይገኛሉ። ብዙ ገንዘብ የሚበላው ስህተት እዚህ ጋ በአንዲት ፊደል ላይ ነው። ከ12100 ኋላ የኤፍ ፊደል የተጨመረበት ዋጋው ቀነስ ይላል፤ ኤፍ ማለት ግን ምስል ማውጫ የለውም ማለት ነው። ጂ የሌለው 5600ም እንዲሁ ነው። ማሽኑ ተገጣጥሞ ሲበራ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ ባለቤቱም ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ ጠርጥሮ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ነው የሸጡልኝ» ይላል።

ከሁለቱ እኛ ለቤተሰብ 12100ን እናስቀድማለን። ዩቲዩብ ብዙ ቪዲዮዎቹን ኤቪ1 በሚባል አሠራር ጨምቆ ይልካል። 12100 ይህንን የሚፈታ የራሱ ክፍል አለው፤ 5600ጂ ግን የለውም፣ ስለዚህ ያንኑ ቪዲዮ በኮሮቹ ጉልበት ሲፈታ ይሞቃል፣ ፋኑም ይነሣል። ልጆቹ ጌም የሚወዱ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ በጌም 5600ጂ ይሻላል፣ ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) 45 ዋት ላይ ቢገደብም ለሰነድና ለኢንተርኔት ልዩነቱ አይታወቅም።

አዲስ መገጣጠም ለማይቻለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ቤት እሱ ይበቃል። ወጥመዱ «ኮር አይ7» የሚለው ቃል ነው። ከጭረቷ በኋላ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። አራት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያው፣ አምስት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትውልዱን ይነግሩዎታል። አይ7-4790 ማለት አራተኛ ትውልድ ነው፤ በስም አይ3 የሆነው 12100 በሰፊው ይበልጠዋል፣ የሚያወጣው ሙቀትም ያነሰ ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ አይ5-8500 ያለበትን፣ ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060 ወይም ኤችፒ ፕሮዴስክ 600 ጂ4፣ መፈለግ ነው። ሲገዙ ቁመቱ ረዘም ያለውን፣ ታወር የሚባለውን ይምረጡ። መጽሐፍ የምታህለዋ ትንሿ ታምራለች፣ ነገር ግን ፋኗ ትንሽ ስለሆነ ሥራ ሲበዛባት ታፏጫለች። እንዲህ ያሉ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሳፕላያቸው፣ ማለትም የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ከሌላው ጋር የማይገጥም የራሱ ሶኬት ያለው ነው፤ ሲበላሽ ያንኑ ሞዴል ማፈላለግ ይመጣል። የምስል መውጫቸውም ብዙ ጊዜ ዲስፕሌይ ፖርት ነውና ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድ አብረው ይግዙ። ሰዓቱ በየማለዳው ወደ ኋላ ከተመለሰ ማሽኑ አልተበላሸም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾችም አንከፈትም ይላሉ።

በራም፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ በሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ በኩል 8 ጊጋ ለመጀመር ያህል ነው፣ 16 ይመረጣል። ራም ከ2018 መግቢያ ወዲህ በዓለም ገበያ ተወዷል፤ ቢሆንም ከአንድ 16 ይልቅ ሁለት 8 ይግዙ፣ ምስል ማውጫው ፕሮሰሰር ውስጥ ስለሆነ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነው፣ በአንድ ቁራጭ ይጎተታል። ማከማቻው 500 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ውስጡ የሚዞር ነገር የሌለው፣ ይሁን። የሚዞር ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ዙር እየዞረ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጣል፣ ፎቶ ማስቀመጥ ካስፈለገ በዩኤስቢ የሚሰካውን ለዚያ ሰዓት ብቻ ሰክቶ መንቀል ነው። በጣም ረክሶ 2 ቴራ የሚል ኤስኤስዲ ካዩ ብዙ ጊዜ የተጻፈበትን ያህል አይዝምና ይለፉት።

ሰው ሁሉ የሚቆጥብበት፣ እኛ ግን አትቆጥቡበት የምንለው ፓወር ሳፕላይ ነው። ይህ ማሽን ሥራ ሲፈታ ከሶኬት የሚስበው 30 ዋት አካባቢ ነው፤ ሲጨናነቅ እንኳ 100 አካባቢ ቢደርስ ነው። ስለዚህ እውነተኛ 400 ወይም 450 ዋት ከበቂ በላይ ነው። «እውነተኛ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ይፈልጉና 12 ቮልት ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር በ12 ያባዙ። 34 አምፔር ካለ 408 ዋት ነው፣ ጥሩ። ከላይ በትልቁ 500 ዋት ተብሎ ከሥሩ 18 አምፔር ብቻ ከሆነ ግን በዚያ መስመር የሚሰጠው 216 ዋት ነው፤ ያውም ወረቀቱ እውነት ከተናገረ። አንሥተው ይመዝኑት፤ ባዶ ጣሳ ከመሰለዎት ውስጡም ባዶ ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለውን አይግዙ፤ አንድ ሕፃን በጣቱ ወደ 115 ከገፋው የእኛ 220 ቮልት ሲገባ ይፈነዳል። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል ምልክት ያለው በግማሽ ጭነት ቢያንስ 85 በመቶውን ለማሽኑ ያስተላልፋል፤ የቀረው እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ያ ሙቀት ነው የፓወር ሳፕላዩን ፋን የሚያስጮኸው። 700 ዋት ገዝቶ 30 ዋት ማሠራትም ብልህነት አይደለም፤ ከአቅሙ በጣም ባነሰ ጭነት ሲሠራ ብክነቱ ይጨምራል።

ኬዙ፣ ሁሉን የሚይዘው ሣጥን፣ ከፊት በወንፊት የሚተነፍስ፣ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ 12 ሴንቲ ሜትር ፋን የሚይዝ ይሁን። የፊቱ ያስገባል፣ የኋላው ያወጣል። ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ፣ መብራት የሚያብለጨልጭ ኬዝ ለሱቅ መስኮት ነው።

ሲገጣጠም የሚፈጠሩት ስህተቶች ጥቂት ናቸው፣ ግን ይደጋገማሉ። ማዘርቦርዱ ሥር የሚገቡት የነሐስ እግሮች ከተረሱ ቦርዱ ቆርቆሮውን ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ከትልቁ የ24 እግር ሶኬት ሌላ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ይረሳል፤ ያኔ ፋን ይዞራል፣ ማሽኑ አይነሣም። ሁለቱ ራሞች፣ ቦርዱ አራት ቦታ ካለው፣ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ይግቡ። ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ማቀዝቀዣው ሥር ያለች ስስ ፕላስቲክ ካለች ትላጥ። የኢንቴል ማቀዝቀዣ አራት የሚገፉ እግሮች አሉት፤ በሰያፍ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ ማዶ፣ «ቀጭ» እስኪሉ ድረስ ይገፋሉ። አንዱ እግር ሳይገባ ከቀረ ፕሮሰሰሩ በደቂቃ ውስጥ 100 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ፋኑም እንደ ወፍጮ ያጓራል። ቦርዱን ገልብጦ አራቱም ነጫጭ እግሮች ከጀርባ መውጣታቸውን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ባዮስ ውስጥ ይግቡ። 3 እግር ያለው ፋን ፒደብሊውኤም በሚለው ላይ ከተተወ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል፤ ዲሲ ወደሚለው ይቀየር። የፕሮሰሰሩ ፋን እስከ 55 ዲግሪ 30 በመቶ ላይ ይቆይ፣ 75 ላይ 60 በመቶ ይድረስ፣ 85 ላይ ሙሉ ይሁን። ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ሴኮንድ እንዲታገሥ የሚያደርግ ምርጫ ካለ ያብሩት፤ ጆሮ የሚያሰለቸው የማያቋርጥ ድምፅ ሳይሆን ከፍ ዝቅ የሚለው ነው። መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን ደግሞ ያጥፉት። መብራት ብዙ ጊዜ መጥቶ ወዲያው ይሄዳል፤ ዊንዶውስ ገና እየተነሣ ሳለ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቋረጠበት ፋይሎቹ ይበላሻሉ። 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት ይበቃል፤ በሱ ፊልም ለመጨረስ አይሞከር።

ኬዙ ሲነካ ጣት የሚነዝር ከሆነ ሰዎች ኮምፒውተሩን ይጠረጥራሉ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሶኬቱ ነው። ፓወር ሳፕላይ መግቢያው ላይ የኤሌክትሪክ ሁከት የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች ከቆርቆሮው ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። የመሬት ሽቦ ካለ በእነሱ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ በዚያ ይወርዳል፤ ከሌለ ቆርቆሮው ላይ 110 ቮልት ገደማ ይንሳፈፋል። የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፣ ግን ቤቱ ኧርዝ እንደሌለው እየነገረዎት ነው፤ ነገ እውነተኛ ብልሽት ቢመጣ መሄጃ የለውም። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ኧርዝ ያስተክሉ። ሦስተኛውን እግር በሚያስቀር ስፒና መሰካት አይሆንም። ለስክሪን ቁጠባ ቴሌቪዥን የምትጠቀሙም ኤችዲኤምአይ ገመዱን የምትሰኩት ሁለቱም ከሶኬት ተነቅለው ይሁን፤ ያ የሚንሳፈፍ ቮልቴጅ መሰኪያውን ይመታዋል።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። ሳሎን ውስጥ ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጤስበት ቤት የኮምፒውተሩ ፋን ከሌላው ይለያል፤ ምላጮቹ ላይ ሲነኩት የሚያጣብቅ ቡናማ ቅባት ይቀመጣል፣ የበጋው ቀይ አቧራ በዚያ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በብሩሽ ብቻ አይለቅም። ማሽኑን ከረከቦቱ ራቅ ያድርጉት። በሦስት ወር አንዴ ከሶኬት ነቅለው፣ ፋኑ እንዳይዞር በጣት ይዘው፣ ምላጮቹን በፋርማሲ አልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በደንብ ሳይደርቅ አያብሩት። ቡፌ ውስጥ አይቆለፍበት። እናቶች ይቅር ይበሉንና፣ ዳንቴሉም ከላዩ ይነሣ፤ ብዙ ኬዝ ትንፋሹን የሚያወጣው ከላይ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለን። የኮምፒውተር ማስታወቂያ የሚያወጡ ሻጮች የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር እስከ መጨረሻ ፊደሉ፣ ራሙ በስንት ቁራጭ እንደሆነ፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑንና የፓወር ሳፕላዩን የ12 ቮልት አምፔር እንዲጽፉ ብትጠይቁልን። ከሁለት መስመር በላይ ቦታ አይወስድም።

ከአክብሮት ጋር፣
ኮምፒውተር ገጣጣሚዎችና ጠጋኞች፣ ከጅማ