ክኒናቸውን አንድ ቀን እየዘለሉ ለሚውጡት አባቴ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣ ጅማ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስቶክሆልም ብርዱ ገና አልለቀቀንም። እማዬንና የሂርማታ ጎረቤቶቻችንን ሰላም ይበሉልኝ።

ባለፈው በቪዲዮ ስንደዋወል እህቴ ደም እንዳይረጋ የሚወስዱትን የክሎፒዶግሬሉን ክኒን እሽግ ወደ ካሜራው አስጠግታ አሳየችኝ። ቆጠርኩት። ከተገዛ 10 ቀን ሆኖታል። ከ10ሩ ፍሬ ግን 5ቱ እንዳሉ ናቸው። እርስዎም ዝም አሉ። በኋላ እህቴ ለብቻዋ ነገረችኝ። «አንድ ቀን እየዘለሉ ነው የሚውጡት። ልጄ በብርድ ለፍታ የላከችውን መድኃኒት አይጨርሰው ይላሉ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አባባ፣ እኔ የምለፋው ለምን ሆነና ነው?

ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ የገባልዎት ስቴንት ትንሽ የብረት መረብ ናት። የጠበበውን የልብዎን የደም ቧንቧ ከፍታ ይዛለች። ለሰውነትዎ ግን ባዕድ ናት። የቧንቧው ስስ ሽፋን ቀስ በቀስ እስኪያለብሳት ድረስ ደም ሊረጋባት ይችላል። ከረጋ ቧንቧው ባንዴ ይዘጋል። ያን ሌሊት ደረትዎን ይዘው በላብ የተጠመቁበት ሕመም ይመለሳል፤ ከዚያም ሊብስ ይችላል። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው የታዘዙልዎት ለዚህ ነው። ደምን የሚያረጉት ሕዋሳት በየቀኑ አዳዲስ ይፈጠራሉ። ዛሬ የተዘለለው ክኒን የዛሬዎቹን አያገኛቸውም።

ልቡ ድንገት ለታመመበት ሰው ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር አብረው ይወሰዳሉ። የእርስዎ ገና 5 ወሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪምዎ አንዱን ሊያስቆምዎት ይችላል። አስፕሪኑና የኮሌስትሮሉ አቶርቫስታቲን ግን ባብዛኛው የዕድሜ ልክ ናቸው።

«ደህና ነኝ እኮ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤትም ጠዋት ጠዋት ክኒን ሳድል ይህንኑ እሰማለሁ። ደህና የሆኑት ክኒኑም ስላለ ነው አባባ።

ጨጓራዎን ካቃጠለዎት ለልብ ሐኪምዎ ይንገሩ። ኦሜፕራዞል በራስዎ ገዝተው አይጀምሩ፤ የክሎፒዶግሬልን ኃይል ይቀንሳል፤ ሐኪሙ የሚስማማ ሌላ ያዝልዎታል። ጉልበትዎን ሲያምዎትም ዲክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ከእነዚህ ጋር ሆድ ያደማል። ጥርስ የሚነቅል ሰው «መድኃኒቱን አቁም» ቢልዎት መጀመሪያ ለልብ ሐኪሙ ይደወል። ሰገራዎ እንደ ከሰል ከጠቆረ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

እህቴን አደራ ብያታለሁ፤ መድኃኒቱ 10 ቀን ሲቀረው አዲስ ይገዛል። ጅማ ከጠፋ አጎቴ ከአዲስ አበባ ይልካል። የገንዘቡን ነገር ለእኔ ይተዉት።

በሚመጣ ሰው አንዲት ሳጥን ልኬልዎታለሁ። 7 ክፍል አላት፣ ለየቀኑ አንድ። ክዳኖቹ ላይ በስዊድንኛ የተጻፈውን በፕላስተር ሸፍኜ ከሰኞ እስከ እሁድ በእጄ በአማርኛ ጽፌበታለሁ። እሁድ ማታ እህቴ ትሙላልዎት። ጠዋት እማዬ አቦሉን ከመቅዳቷ በፊት የቀኑን ክፍል ከፍተው በውኃ ይዋጡት። ቡናው አይቀርብዎትም፣ ክኒኑም አይረሳም።

ቅዳሜ ስደውል ሳጥኗን ያሳዩኛል። የእሁዷ ክዳን ብቻ ተዘግታ ላግኛት።

እግርዎን እስማለሁ።

ልጅዎ