የዓይነ ስውር ፊርማ እንደ ፊርማ እንዲቆጠር፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዓይነ ስውራንን ፊርማ ይመለከታል

የታሪክ መምህርና ዓይነ ስውር ነኝ። ንባብን በብሬል ተማርኩ፤ ፊርማዬን ግን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ እጄን ይዘው አሸዋ ላይ ደጋግመው እያጻፉ። ዛሬም የተማሪዎቼን የውጤት መግለጫ የምፈርመው በዚያው ፊርማ ነው።

ባለፈው ኅዳር የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ እኩልነት እንድናገር ጋበዘኝ። ኃላፊው ጉባኤውን ሲከፍቱ አካል ጉዳተኛ እንደማንኛውም ዜጋ ሙሉ መብት ያለው መሆኑን፣ መሥሪያ ቤታቸውም በዚህ ረገድ ለሌሎች አርአያ እንደሚሆን ተናገሩ፤ ቃላቸው ከልብ የወጣ ስለመሰለኝ አጨበጨብኩ። ከሰዓት በኋላ አበል ሲከፈል ግን ገንዘብ ያዧ መፈረሚያውን አጠገቤ ለተቀመጠ ወጣት ሰጥታ፣ «አንተ ምስክር ሁናቸው፤ እሳቸው በጣታቸው ያትሙ» አለችው። እፈርማለሁ ብላት «መመሪያው አይፈቅድም» ብላ መለሰችልኝ። ወጣቱን ከዚያ ቀን በፊት አላውቀውም፤ የተከፈለኝን ገንዘብ ግን እሱ አይቶ መሰከረልኝ። ሴትዮዋን አልወቅሳትም፤ የፈራችው ኦዲተርን ነው። ያዘንኩት እኔን በሚመለከት ጉዳይ ንግግሩ ሁሉ ከወጣቱ ጋር በመሆኑ ነው። በባንክ ቤት መስኮት ላይም ሒሳቤ በማላውቀው ሰው ፊት ሲነገር ይኸው ስሜት ደርሶብኛል።

የዚህ አሠራር ሥር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ንዑስ ቁጥር 3 ይመስለኛል። ድንጋጌው ዓይነ ስውርንና ማንበብና መጻፍ የማይችልን ሰው በአንድነት ይመድብና፣ በውል ላይ ያኖሩት ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም ይላል። የታሰበው ጥበቃ መሆኑን አልክድም፤ ያላነበበውን እንዲፈርም ተደርጎ ቤት ንብረቱን ያጣ ሰው ይኖራልና። ነገር ግን ሕጉ ስለ ውል እንጂ ስለ አበል መፈረሚያ አይናገርም፤ በአጋጣሚ የተገኘ መንገደኛ ምስክር ይሁን የሚል ቃልም የለበትም። መሥሪያ ቤቶቻችን ጋሻውን ወስደው አጥር አደረጉት።

ሕጉ ሲወጣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ አልነበረም፤ ዛሬ አለ፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ዓይነ ስውር የኔታ የደቀ መዝሙራቸውን የዜማ ግድፈት በጆሯቸው ብቻ የሚያርሙባት አገር ዓይነ ስውርነትን ከአለማወቅ ጋር ባንድ ሚዛን ማስቀመጧ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው፣ የገንዘብ ጉዳያቸውንም ራሳቸው የመምራት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ደግሞ የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ቃል እንዲገባልኝ ሳይሆን ከአሥር ዓመታት በላይ አስቀድሞ የተገባው በገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ላይ እንዲፈጸም ነው።

ሚኒስቴሩ ቁጥር 1728/3 እንዲሻሻል የሕግ ረቂቅ እንዲያዘጋጅ፣ በረቂቁም ማረጋገጫው ዓይነ ስውሩ ሲፈልገው ብቻ የሚጠይቀው ጥበቃ እንዲሆን አመለክታለሁ። እስከዚያው ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በራሱ እጅ የሚፈርምን ዓይነ ስውር ፊርማ እንዲቀበሉ፣ ሰነዱን ድምፅን ከፍ አድርገው እንዲያነቡለት ወይም አስቀድመው በኤሌክትሮኒክ ቅጂ እንዲሰጡት ሚኒስቴሩ በደብዳቤ ቢያሳውቅልን፣ ይህን ለማድረግ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን መጠበቅ አያስፈልግም። ሥራው ከሚኒስቴሩ ከራሱ የክፍያ ክፍል ቢጀመር ደግሞ ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች የሚያዩት ምሳሌ ይኖራቸዋል።

መልሱ በወረቀት ታትሞ ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ ጽሑፍም እንዲላክልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ራሴ አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ዓይነ ስውር የታሪክ መምህር