ጉበት የሚታመመው ጠጪ ብቻ ነው እንዴ?

ሰላም ለአዘጋጆቹ፣

የጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ጉበት ካንሰር የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ከላይ እስከ ታች መጠጥ፣ መጠጥ፣ መጠጥ። እዚህ አዳማ ያለ የማይጠጣ ሰው ይህን ሲያነብ "እኔን አይመለከተኝም" ብሎ ጋዜጣውን ያጥፋል።

መጠጥ አይጎዳም ማለቴ አይደለም። ድራፍቱም አረቄውም ለጉበት ያው ነው፣ ዓመታት ሲደጋገም ጉበቱ ጠባሳ በጠባሳ ይሆናል፣ ካንሰሩም ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ግን ጉበትን አጥቅቶ ለካንሰር የሚዳርገው ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢስ? ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ፣ በግብረ ሥጋ፣ በደም፣ በጋራ ምላጭ ይተላለፋል፤ ሰውየው ምንም ሳያመው ለዓመታት ይዞት ይዞራል። የሕፃናቱ ክትባት አገራችን የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ተመርመሩ ሲባል ደግሞ "የወፍ በሽታ ነው፣ ሐኪም አያውቀውም" የሚል አይጠፋም። ዓይን ቢጫ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ሥር ተቀጥቅጦ ይጠጣል፣ ሆስፒታል የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ሥር እኮ ራሱ ጉበት ይጎዳል!

ማንም የማያነሳው ደግሞ ለውዝ አለ። መናኸሪያ አካባቢ ከሚሸጠው አንድ እፍኝ ዝገኑና አስተውሉት፤ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ አቧራ የመሰለ ነገር የያዘ ፍሬ አይታጣም። ያ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እኛ የመረረንን እንትፍ ብለን ሌላ እንዘግናለን። የተፈጨው ይብሳል፣ ለውዝ ቅቤ ውስጥ የገባው ፍሬ ሻግቶ እንደነበር በምን ይታወቃል? በቆሎም በርበሬም ሳይደርቁ ማዳበሪያ ውስጥ ከከረሙ ያው ናቸው። ይህን መርዝ ከሚበሉ ሰዎች መካከል ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የጉበት ካንሰር አደጋው ከሌለበት እስከ 30 እጥፍ ይደርሳል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጉዱ።

ቦርጭም አለ። ቦርጭ ስናይ "ተመቸው" እንላለን፣ ስኳር በሽታ ሲጨመርበት ግን አንድ ብርጭቆ ያልቀመሰ ሰውም ጉበቱ ላይ ስብ ይከማቻል፣ ወደ ካንሰር የሚወስድ ሌላ መንገድ ነው። ሲጋራም አለበት። ቡና ግን ነፃ ናት፤ እንዲያውም ቡና በሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ እንደሚታይ ጥናቶች ያሳያሉ። ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጨምሩባት ግን እኔን ምስክር አትጥሩ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዳማ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራና የአዋቂ ክትባት የት የት እንደሚሰጥ፣ ስንት ብር እንደሚያስከፍል ጠይቃችሁ አውጡልን። እኔ ስጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው እየላከኝ መልስ ሳላገኝ ቤቴ ገባሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ